ሳጥኑ በአጥር የወጣ ዕለት

ባለቤቴ ሀብተሚካኤል ቤት ሠሪ ነው። ሰፈሩ ሀብቴ ይለዋል። እዚህ ከማረሚያ ቤቱ ጀርባ ካሉት ቤቶች ግማሹን ያቆመው እሱ ነው፤ ድሮ በእንጨትና በጭቃ፣ ኋላ ኋላ ደግሞ በብሎኬት። ቤት መሥራት እንጂ ቤት ውስጥ መቀመጥ ግን አይሆንለትም። ሥራ በሌለው ቀን ወይ የረር ተራራ ላይ ነው፣ ወይ አባ ሳሙኤል ውሃ ዳር መንጠቆውን ጥሎ ተቀምጧል። ሙቀት ሲሆን የሚተኛውም በረንዳ ላይ ነው። «ለሰው ጣራ ስመታ ውዬ ማታም ጣራ ልይ እንዴ?» ይለኛል።

አባቱ የባቡር ሀዲድ ጠጋኝ ስለነበሩ ያደገው አቃቂ ጣቢያ አጠገብ ነው። ሌሎቹ ልጆች ባቡሩን ሲያዩ እሱ ከሀዲዱ ማዶ ያለውን ሜዳ ነበር የሚያየው፤ ክረምት ውሃ የሚተኛበትን፣ ዳክዬና ዝይ የሚያርፍበትን። እዚያ ሜዳ ላይ ነው ዱጉማን ያገኘው። ዱጉማ የገበሬ ልጅ ነው፤ የነሱ ቤት ከድሮም በአባ ሳሙኤል በኩል ነው። አንዱ አማርኛ፣ አንዱ ኦሮምኛ ይዘው በመንጠቆና በትል ተግባቡ፤ ይኸው ሸብተውም አልተለያዩም።

እኔን ያገኘኝ የአባቴን ማድ ቤት ሊሠራ መጥቶ ነው። እንጨቱን አቆመ፣ ማገሩን መታ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር አስረገጠና «ይብሰል» ብሎ ጠፋ። ጭቃ እስኪቦካ መቆየት አለበት፣ ያ እውነት ነው። አባቴ ግን በየጠዋቱ ጭቃውን እያዩ ይበግናሉ። «ይኼ ሰውዬ አናጢ ነው ወይስ ዳክዬ?» ይላሉ። ሲመለስ ክንድ የሚያህል አምባዛ ይዞ መጣ። እናቴ ስታየው ጮኸች።

«ቅርፊት የሌለው ዓሣ ቤቴ አይገባም! ይዘኸው ውጣ!»

ደንግጦ ዓሣውን እዚያው የቦካው ጭቃ ላይ ለቀቀው። እኔ ውሃ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ውሃውም ፈሰሰ። በዚያ ሳቅ ነው የተጋባነው ይላል እሱ። እኔ ደግሞ ልቤ የወደደው ማድ ቤቱ አልቆ ገብቼ ሳየው ነው እላለሁ። ማዕዘኑ ሁሉ ልክ፣ ግድግዳው እንደ ሰው ጉንጭ የለሰለሰ ነበር።

ሥራው ላይ ቀልድ አያውቅም። የኛ አገር አፈር መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሀብቴ መሠረት ሲያስቆፍር ያ ጥቁር አፈር እስኪያልቅ አይለቅም። የሀብቴ ቤት ጠመመ፣ የሀብቴ ቤት ተሰነጠቀ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አንድ ልማድ ደግሞ ነበረው። ክር ወጥሮ መሠረቱን ካሳየ በኋላ፣ ግድግዳው ከመነሣቱ በፊት፣ ባለቤቶቹን ጠርቶ «እስቲ አልጋችሁን አምጡ» ይላል። አልጋው በሚወጣበትና በሚገባበት ሁሉ ይሞከራል። ካለፈ ሥራው ይቀጥላል። ያን ቀን ሰው ይሰበሰባል፤ ልጃገረዶቹ ያፍራሉ፣ ጎረምሶቹ ይቀልዳሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። «ልጅ ይወለድበት! ሠርግ ይደገስበት! እንግዳ አይታጣበት!» ይባላል። አዲስ ቤት ላይ ክፉ ነገር አይነሣም። እሳት አይባልም፣ በሽታ አይባልም፣ ሞት ጨርሶ አይባልም። ከሰው አፍ ቢያመልጥ እንኳ «ሟርትህን ወዲያ!» ተብሎ ይባረራል።

ጋሽ ተሰማ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው። ከፋብሪካ በጡረታ ወጥተው ነበር። ባለቤታቸው የሺሐረግ የልብ ጓደኛዬ ናት። ከቤታቸው ፊት ባዶ ቦታ ነበረቻቸው። ማረሚያ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ከገጠር እስረኛ ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎች ማደሪያ ያጣሉ፤ ጋሽ ተሰማ እዚያች ባዶ ቦታ ላይ የሚከራዩ ክፍሎች እንዲሠራላቸው ሀብቴን ጠየቁት። ያን ሰሞን ታመው ገና መነሣታቸው ነበር። ከዘራቸውን ይዘው ክሩ አጠገብ ቆመው «ትንሽ ወዲህ አድርገው፤ ክፍሉ ይስፋ እንጂ» ይሉታል። ክፍሎቹ በሰፉ ቁጥር ከዋናው ቤት ወደ ውጭ በር የምትወስደው መተላለፊያ ጠበበች። በዚያ ላይ መጨረሻዋ ጋ ትታጠፋለች። ሀብቴ እንደ ልማዱ አልጋ አስመጣ። ራስጌው ተፈታ፣ ግርጌው ተፈታ፣ አንድ በአንድ ተይዞ አለፈ። ጋሽ ተሰማ መሬቱን በከዘራቸው መትተው «ገባ! በል ቀጥል!» አሉት። ቀጠለ።

ክፍሎቹ ተከራዩ። ዓመትም ሳይሞላ ጋሽ ተሰማ ዐረፉ።

የእድራችን ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን መንገድ ላይ ተተከለ። የእድሩ ዳኛ ሀይረዲን ነው፤ ባለሱቅ ነው፣ ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ ደግሞ ከድምፁ የሚበልጥ ሰው። ሬሳው ሊወጣ ሲል ሳጥኑን ከፊት የያዘው ሀብቴ ነበር፤ ወዳጁ ስለነበሩ ማንም አልቀደመውም። መተላለፊያዋን ገቡ። ከመታጠፊያዋ ሲደርሱ ሳጥኑ ቆመ።

«ወደ ግራ በሉ!»

«ግራ የት አለ? ግድግዳ ነው!»

«ወደ ኋላ መልሱትና እንደገና!»

መለሱት፣ እንደገና ሞከሩ። የሳጥኑ ጫፍ ብሎኬቱን ሲፋቅ እኔ የቆምኩበት ድረስ ተሰማኝ። አንዱ «አጋድሉት» አለ። ሌላው «ሰው እንዴት ይጋደላል፣ ተው እንጂ!» አለው። ከኋላ ደግሞ «በቃ አቁሙት፣ ቆሞ ይወጣል» የሚል መጣ። ይኼን ጊዜ የሺሐረግ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ጮኸች።

«አታቁሙብኝ! ተሴን አታቁሙብኝ! ደክሞታል!»

ካህኑ ጥላቸውን አጥፈው ጠበቁ። በመጨረሻ ሀይረዲን መጣና ጥጉን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ ሀብቴን ግን አላየም። «በአጥር በኩል ይውጣ» አለ።

የአጥሩ የላይኛው ቆርቆሮ ተነቀለ። ወንዶች ከድንኳኑ አግዳሚ ወንበር አምጥተው ከወዲህና ከወዲያ ቆሙበትና ሳጥኑን በአጥር ላይ ወደ እኛ ግቢ አሳለፉት። ጋሽ ተሰማ ዕድሜያቸውን ሁሉ ከኖሩበት ቤት እንደ ሌባ በአጥር ወጡ። ከእኛ ግቢ በእኛ በር ወሰዷቸው። የኛ በር ሰፊ ነው፤ ሀብቴ ሣንቃ ስለሚያስገባበት አስፍቶ ነው የሠራው። ከገጠር የመጣ አንድ የጋሽ ተሰማ ዘመድ፣ አገሩን የማያውቅ፣ «ያኛውን ማነው የሠራው? ይኼኛው እንዲህ ሰፍቶ!» አለ። ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ሀብቴ ሳጥኑን እንደተሸከመ ነው። የጆሮው ጫፍ ሲቀላ አየሁት።

አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ቦታውን ለሌላ ሰው ለቀቀ። ቀብር ላይ አልነበረም።

እኔ ግን የት እገባለሁ? ሐዘን ቤት መቀመጥ አለብኝ፣ የሺሐረግ ናት። ድንኳኑ ውስጥ ጎረቤታችን አደሴ አጠገቤ ነበረች። አደሴ ከጨዋታ ጋር የተወለደች ሴት ናት፤ ለቅሶ ቤትም ቢሆን አትተውም።

«ዕፄ» አለችኝ፣ «ቤትሽን አከራዪኝ። ስሞት እንኳ በሰፊ በር ልውጣ።»

ሴቶቹ በነጠላቸው ውስጥ ሳቁ። እኔም የምስቅ መሰልኩ። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩት፤ የሚያለቅሱ መሐል ስለነበርኩ ለጋሽ ተሰማ ያለቀስኩ መሰላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሀብቴ ሀብቴ መሆኑ ቀረ። ሥራ ሲጠሩት «ወገቤን» ይላል። ሰው እንዳያየው ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ዱጉማ ዘንድ ነው የሚውለው፣ አንዳንዴም እዚያው ያድራል። ለሰልስቱ አልሄደም። የሺሐረግን በአጥር በኩል ሳያት እንኳ «እንዴት አደርሽ» ሳልል ጎንበስ ብዬ ወደ ቤት እገባለሁ። ሌላ ጎረቤት ሞተ፤ ጥሩምባው ሲነፋ ሀብቴ ጫማውን አድርጎ ወደ ውሃው ሄደ። ያን ዕለት ከቀብር መልስ ሀይረዲን ቤቴ ድረስ መጣ።

«የታለ ሰውዬው?»

«ዱጉማ ጋ ነው።»

«ዕፀገነት፣ እኔ ሁለት ቀብር ዝም ብዬ አለፍኩት። ሦስተኛውን ሰዉ አያልፈውም። የማንንም ለቅሶ ካልደረሰ ነገ የሱን ሳጥን ማን ይሸከማል? እኔና አንቺ ነን? እኔ ወገቤን ያመኛል፣ አንቺ ደግሞ አጭር ነሽ።»

ሳቅሁ። ሲሄድ ግን ተቀምጬ ቀረሁ። የምፈራው ሌላ አልነበረም፤ ያ ሰው ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ቤት ሠርቶ፣ ሰው አልባ ሆኖ ሊቀበር ነው።

በማግሥቱ በታክሲ አቃቂ ወረድኩ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ። ውሃው እንደ ድሮው አይደለም። እምቦጭ ለብሷል፣ ሽታውም ከሩቅ ይመጣል። አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ብቻ ናቸው አሁንም ዳር ዳሩን እንደ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ መስለው የሚቆሙት። ሀብቴና ዱጉማ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«እታለም፣ መጣሽ?» አለ ዱጉማ ብድግ ብሎ። «ይኼን ሰውዬ ውሰጂልኝ። ዓሣው እንኳ ፊቱን አይቶ ሸሸ! ላሞቼም ወተት ሊከለክሉኝ ነው።» ብሎ ከብቶቹን ሰበብ አድርጎ ብቻችንን ተወን።

ሀይረዲን ያለውን ነገርኩት። «ማንም ሰው ይሳሳታል፤ አንድ ጥግ ጠበበችብህ፣ አለቀ» አልኩት።

«አልተሳሳትኩም» አለ።

«እንዴት?»

«አስቤው ነበር፣ ዕፄ። ክሩን ስወጥር ያቺ ጥግ ጋ ስደርስ ሳጥኑ ዓይኔ ላይ መጣ። አልጋ ይፈታል፣ ሳጥን አይፈታም። አውቄዋለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ቀና ስል ጋሽ ተሰማ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ገና ከበሽታ የተነሡ ሰው። በአዲስ ቤታቸው ላይ 'ሬሳዎ አይወጣም' ልበላቸው? ዋጥኩት። 'አልጋ አምጡ' አልኩ።»

ምን ልበለው? እኔ ብሆን እናገር ነበር? አልናገርም። የሚናገር ሰው አላውቅም።

ውሃውን እያየ ደግሞ «ሌሎችም አሉ» አለ።

«ምን ሌሎች?»

«ቤቶች። ሰዉ ሁሉ የሚከራይ ክፍል ቀጥልልኝ ይለኛል። ሁሉም ጋ አስቤዋለሁ፣ ሁሉም ጋ ውጬዋለሁ። በተራ በተራ የሚሆነው ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ከየትኛው ቤት ነው እያልኩ እዚህ እደበቃለሁ።»

መጀመሪያ «ተው» አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይነገራል? በቁማቸው ሞታቸውን ነው የምንነግራቸው። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ባጃጁ ውስጥ ያቺ የየሺሐረግ ጩኸት ትመጣብኝ ነበር። በር ላይ ስንደርስ «ንገራቸው» አልኩት። «እኔም አብሬህ ነኝ።»

እሁድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። ሀብቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከኋላ ተነሣ። የሰዉን ሁሉ ቤት የሠራው እሱ፣ ሰው ፊት ሲናገር ግን ድምፁ የሚጠፋው እሱ።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው» አለ። «የጋሽ ተሰማን ጥግ ስሠራ ሳጥን እንደማያሳልፍ አውቄ ነበር። ሟርት ይሆናል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሌላም ቦታ እንዲሁ አድርጌአለሁ። ሳጥን የምንሸከምበትን የእድሩን ቃሬዛ ስጡኝ። የሠራኋቸውን ቤቶች በሱ ልሞክር። የማያሳልፈውን ራሴ አፍርሼ ራሴ አስተካክላለሁ።»

ሁሉም ባንድ ጊዜ ጮኸ።

«ባዶ ቃሬዛ? ቤቴ?» ብሎ የተነሣው ሙህዲን ነው። «ልጄን ልድር ሽር ጉድ እያልኩ አንተ ቃሬዛ ልታስገባብኝ?»

«እኔ ቀጭን ነኝ፣ በመስኮት አውጡኝ!» አለ አንዱ፤ ሳቅ ሆነ። «አውቆ ነው እንዴ?» የሚሉም ነበሩ፤ እነሱ አልሳቁም። አንዲት ሴትዮ ወደ እኔ ዞራ አማተበች። ወንበሩ ሥር ብገባ ደስ ባለኝ።

ሀይረዲን ጠረጴዛውን መታ። «ቃሬዛው የእድሩ ነው፣ እሱም የእድሩ አባል ነው። ይውሰድ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መጀመሪያ ግን የሺሐረግ ጋ ሂድ» አለው።

ሄድን። የሺሐረግ ጥቁር ለብሳ በሩን ከፈተች። ሀብቴ እግሯ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ያዘችው። ክፍሎቹን ላፍርስ ሲላት «አታፍርስብኝ፤ የምኖረው በነሱ ነው» አለች። «ጥጉን ብቻ ቁረጥልኝ። እኔ ስወጣ በበሬ ልውጣ።» የጥጉን ክፍል የተከራየችው ሴትዮ የታሰረ ባሏን ልትጠይቅ ከሩቅ የመጣች ናት፤ አልጋዋን ወደ መሐል ጎተተች፣ ምን እንደሚሠራም አልጠየቀችም። ሀብቴ የግድግዳውን ጥግ ከላይ እስከ ታች ሸርፎ አወጣው፣ በሰያፍ መልሶ ገጠመውና በሲሚንቶ ለሰነው። ቃሬዛውን እኔና እሱ ይዘን ስናሳልፈው የሺሐረግ ቆማ አየች። አለፈ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። በጊዜው ቢሆን ኖሮ ማለቷ ነው። ሀብቴም ገብቶታል፤ መሣሪያውን ሰብስቦ ቀና ሳይል ወጣ።

ከዚያ በየቤቱ ዞርን። ባዶ ቃሬዛ ይዞ በሰፈር መሄድ ምን እንደሆነ ያልያዘው አያውቅም። ሱቅ የሚገዛ ሰው ዘወር ይላል። ለእስረኛ ምግብ የያዙ ሴቶች «ማን ሞተ?» ይሉናል። «ማንም» ስንል ይባስ ይደነግጣሉ። አንዳንዱ ቤት ከፈተልን፣ አንዳንዱ ከውስጥ ሆኖ «የሉም!» አለን፤ የሉም ያለው ራሱ ባለቤቱ ነው።

ሙህዲን በሩን በትንሹ ከፈተና ራሱን ብቻ አወጣ። «ሀብቴ፣ ከበሬ ዞር በልልኝ፤ አማቶቼ መንገድ ላይ ናቸው። ከሠርጉ በኋላ ና።»

«እሺ» አለ ሀብቴ። ቃሬዛውን አንሥተን ጥቂት እንደሄድን ከኋላችን በቀስታ ተጣራ።

«አንተ ሀብቴ… የኔ ስንት ይጎድላል?»

«ግማሽ ክንድ ያህል ነው።»

«ሱብሃነላህ» አለና በሩን ዘጋው።

ቀጥሎ ያለው የአደሴ ቤት ነው። ከማንም በላይ የፈራሁት እሷን ነበር፤ የምትለውን እያሰብኩ ከሩቁ አንገቴን ደፋሁ። ሀብቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ቃሬዛውን እንደያዝን በሯ ላይ ቆምን። አደሴ ወጣች። ቃሬዛውን አየች፣ እኛን አየች። ቀልድ ጠበቅሁ። አልመጣም። ወደ ኋላ ዞር ብላ ወደ ውስጥ ተመለከተች፤ ያረጁ እናቷ ታመው ከተኙ ቆይተዋል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሁለቱንም መዝጊያ ከፈተችልን።

«ቀስ በሉ» አለች በሹክሹክታ። «እማዬ ነቅታለች። መጋረጃውን ልዝጋ፣ እንዳታይ።»

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ከአሮጊቷ ክፍል ወጥቶ የሚታጠፈው ጥግ ጋ ሀብቴ ቀስ ብሎ ዞረ። የቃሬዛው እጀታ ግድግዳውን ነካ። ከመጋረጃው ጀርባ የአሮጊቷ ድምፅ «አደሴ፣ ማነው የመጣው?» አለ።

«ሀብቴ ነው፣ እማዬ። ቤቱን ሊያይልን ነው።»

«እሰይ፣ ይባረክ። ምን ሆነ ቤቱ?»

ሀብቴ ቃሬዛውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ እሳቸው እንዲሰሙት ሳይሆን እንዳይሰሙት የፈለገ ይመስል ዝቅ ባለ ድምፅ «ጠቦ ነው፣ እማማ። እኔ ነኝ ያጠበብኩት» አለ።

ከመጋረጃው ወዲያ «በል እንግዲያ አስፋው» አሉ።

አደሴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «መቼ ትጀምራለህ?» አለችው።

«አሁን» አለ ሀብቴ። ቀና ብሎ ግን አላያትም።